በማልዲቭስ የነዋሪዎች ደሴቶች፦ የእስልምና ደንብና የጎብኚው ጠባይ

ጥያቄ፦ ማልዲቭስን በሪዞርት ሳይሆን ሕዝቡ በሚኖርባቸው ደሴቶች አርፈን ለመጎብኘት አስበናል። የአልኮል ክልከላውና የአለባበስ ደንቡ ጎብኚን ያርቃል ወይስ ያቀርባል? የምታውቁ ብታስረዱን።

መልስ 1፦ ቱሪዝሙ እ.ኤ.አ. በ1972 ሲጀመር ሪዞርቶቹ ሰው በማይኖርባቸው ደሴቶች ላይ ስለተሠሩ፣ መጠጡም የዋና ልብሱም ከሕዝቡ ዓይን ርቆ ቆየ። ከ2009 ገደማ ወዲህ ግን በነዋሪዎች ደሴቶች የእንግዳ ማረፊያ መክፈት በመፈቀዱ፣ እንደ ማፉሺ ባሉ ደሴቶች ለጎብኚዎች ብቻ የተለየ የባሕር ዳርቻ ተከለለ። ለእኔ ትልቁ ነገር ገቢው ወደ ተራው ቤተሰብ መድረሱ ነው። ይዛችሁ የሄዳችሁት መጠጥ ካለ በአውሮፕላን ማረፊያው ተይዞ ስትመለሱ ይሰጣችኋል።

መልስ 2፦ ደንቡ ጎብኚን ያርቃል የሚለው አያሳምነኝም፤ የሚጎዳው ንቀት ነው። ማፉሺ ሳለሁ አንዲት ጎብኚ በዋና ልብሷ ብቻ ወደ ሱቅ ስትገባ፣ ባለሱቁ አልተቆጣትም፤ መልሷን ቆጥሮ እስኪሰጣት ድረስ ግን አንገቱን እንደደፋ ቀረ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ነጠላ ጨርቅ በቂ ነበር።

መልስ 3፦ በረመዳን ከሄዳችሁ፣ ብዙ ምግብ ቤቶች ቀን ስለሚዘጉ ምሳችሁን ከማረፊያችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።