ካላዛር የሚይዘው ድሃውን ነው፤ ለምርምሩ ማን ይክፈል?

የደባርቅ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የላብራቶሪ ቴክኖሎጂስት ነኝ። አምና ታናሽ ወንድሜ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ የተውሳክ በሽታ) ይዞት ተመለሰ። ሆዱ ተነፍቶ፣ እግሩ እንደ ጭራሮ ቀጥኖ ነበር። 17 ቀን ሙሉ በየቀኑ ሁለት ሁለት መርፌ ተወጋ። በአስረኛው ቀን መቀመጥ አቃተው። አጠገቡ ሳድር ሌሊት ሲያቃስት እሰማው ነበር። ተመስገን፣ ዳነ።

ቀድሞ ሕክምናው 30 ቀን እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው። ወደ 17 ቀን የወረደው በምርምር ነው። ታዲያ ለዚህ ምርምር ማን ነው የሚከፍለው? ክትባትስ ለምን የለም? ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ከካላዛር የዳኑ ሰዎች ደም ውስጥ ያሉትን የመከላከያ ሕዋሳት ማጥናት እንፈልጋለን። ገንዘቡን ከየት እንጠይቅ?

ሐኪሙ፦
ወንድምህን እንኳን እግዚአብሔር ማረልህ። ከሁለቱ መርፌ አንዱን በክኒን የሚተካ የ14 ቀን ሕክምና በጎንደር፣ በኬንያ፣ በሱዳንና በኡጋንዳ 439 ሕሙማን በተካፈሉበት ጥናት ተፈትኗል። በስድስተኛው ወር ሲታይ፣ አዲሱም ነባሩም ከአሥር ሕሙማን ዘጠኙን ያህል አድነዋል። ጥናቱን የመራው ዲኤንዲአይ የሚባለው ለትርፍ የማይሠራ ድርጅት ነው። ዋናው ገንዘብ የመጣው ኢዲሲቲፒ ከሚባለው የአውሮፓና የአፍሪካ የጥናት ፈንድ ነው። ነጋዴ አይገባበትም፤ የቀን ሠራተኛ መድኃኒቱን በውድ አይገዛማ።

ክትባቱ ላይ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ። ከካላዛር የዳነ ሰው ኤችአይቪ ከሌለበት በአብዛኛው ደግሞ አይያዝም። ሰውነት መከላከሉን መማር ይችላል ማለት ነው። ሆኖም ለሰው የጸደቀ ክትባት እስካሁን የለም። ለውሻ ግን አለ! በቅርብ ዘመዱ ተውሳክ ለሚመጣው በሽታ አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 የተፈቀደ ክትባት አለ። የውሻው ባለቤት ከኪሱ ይከፍላል።

ሲፈለግ እንደሚቻል በማጅራት ገትር አይተናል። የአፍሪካ ጤና ኃላፊዎች ለአንድ ክትባት ከግማሽ ዶላር በላይ አንችልም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 የጌትስ ፋውንዴሽን 70 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ፣ ክትባቱን አንድ የሕንድ ፋብሪካ በዚያው ዋጋ ሠራው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቡርኪና ፋሶ ላይ ተጀመረ። ለእኛም ደርሶናል።

ለእናንተ ግን በትንሹ ጀምሩ። መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲያችሁን የምርምር በጀት ጠይቁ። ከዚያ አዲስ አበባ ካለው አህሪ ከሚባለው የሕክምና ምርምር ተቋም ጋር ተነጋገሩ። እ.ኤ.አ. በ1970 ሲቋቋም ሥራው የሥጋ ደዌ ኢሚዩኖሎጂ (ሰውነት በሽታን የሚከላከልበት መንገድ ጥናት) ነበር፤ የሕዋስ ሥራ ያውቁበታል። የኢዲሲቲፒ የወጣት ተመራማሪ ድጋፍ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ሲስተር፦
ወንድሜ፣ እኔ የጥናት አስተባባሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። በጀት ስትጽፉ የታካሚውን መንገድ አትርሱ። እኛ ጋ ለትራንስፖርት የተያዘው ብር በአራተኛው ወር አለቀ። ሰዎቹ አጨዳው ሲያልቅ ወደ ደጋ አገራቸው ይመለሳሉ። አንዱ ግማሽ ቀን በእግሩ ተጉዞ ነበር መኪና የሚያገኘው። የስድስት ወር ቀጠሮው ሲደርስ ነርሶቹ አዋጥተን አስመጣነው። ያ ሰው ቢቀር ኖሮ ዳነ ወይስ አገረሸበት የሚለው አይታወቅም ነበር።

ሕዋስ የሚቀዘቅዝበት ፈሳሽ ናይትሮጂንም አለ። ደሙ በተቀዳ በሰዓታት ውስጥ ሕዋሱ ተለይቶ መቀዝቀዝ አለበት። ናይትሮጂኑ እያለቀ ስለሚሄድ በየጊዜው መሙያ ያስፈልጋል፣ ለእሱም መኪና። ደግሞ በአንድ ሰጪ ብቻ አትንጠልጠሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ ገንዘብ ሲቋረጥ ደቡብ አፍሪካ የሚመራው የኤችአይቪ ክትባት ጥናት እንኳ መሐል መንገድ ላይ ቆሟል።

የደባርቅ ልጅ፦
ዶክተር፣ ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የናይትሮጂኑን ነገር ጭራሽ አላሰብነውም። የትራንስፖርቱንም "ልዩ ልዩ" ብለን አንድ መስመር ላይ ነበር የጣልነው። ዛሬ ማታ በጀቱን ከዜሮ እንጽፈዋለን። ወንድሜ ደም ለመስጠት የመጀመሪያው እኔ ነኝ ብሏል። ለአጨዳ ግን ዘንድሮም መውረዱ አይቀርም፤ ሌላ ሥራ የለውም።