ጥቆማ፦ አሸዋ ለሚቆፍር የጨው ውሃ ዓሣ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ምን ይገኛል? ምንስ ከአዲስ አበባ ይምጣ?

ጥያቄ (ደሴ፣ ሆጤ)

ሰላም ወገን። ቤት ውስጥ 100 በ50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ 250 ሊትር የሚይዝ የጨው ውሃ አኳሪየም ሊቆም ታስቧል። ዋናው ዓሣ ዳይመንድ ጎቢ ነው፤ ያ ቀኑን ሙሉ አሸዋ በአፉ እየዛቀ በስንጥቡ የሚያጣራው። አሸዋውንና መስታወቱን እዚሁ ማግኘት ይቻላል ወይስ ሁሉም ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት? የአፍዴራ ጨውስ አይሆንም? የምታውቁ ጠቁሙን፣ አላህ ይስጣችሁ።

መልስ (ኮምቦልቻ)

አብሽር፣ ግማሹ እዚሁ ያልቃል። አሸዋው ግን እዚህ አያልቅም። ለዚህ ዓሣ ደግሞ ከምንም በፊት ገንዘብ የሚወጣበት እሱ ነው።

የቦርከና አሸዋ ለግንባታ ይሁን፤ ለጎቢ አይሁን። የወሎ ተራራ ባዛልት ስለሆነ ወንዙ የሚያወርደው አሸዋ ጠቆር ያለ፣ ጠርዙ ያልለሰለሰና ብረት ያለበት ነው። ለማየት ማግኔት በላስቲክ ጠቅልላችሁ በደረቅ አሸዋ ላይ አሳልፉ፤ ጥቁር ብናኝ ተለጥፎ ይወጣል። ወንዙ ኮምቦልቻን ሲያቋርጥም የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ ይቀላቀለዋል። ጎቢው እያንዳንዷን ጉርሻ በስንጥቡ ያሳልፋታል። ሹል ጠርዝ ስንጥቡን ይልጠዋል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ዓሣው መቆፈር ያቆማል። መቆፈር ሲያቆም ከአሸዋው የሚለቅመው ምግብም ይቀርበታል።

ሰው በብዛት የሚሳሳተው በቴራዞ ሠሪዎች እብነ በረድ ነው። ኮምጣጤ ጠብ ሲደረግበት አረፋ ስለሚያወጣ «ይኸው ካልሲየም ካርቦኔት ነው» ተብሎ ይገዛል። በኬሚካሉ ልክ ነው፤ ቅርጹ ግን እንደተሰበረ ብርጭቆ ነው። የተፈጨ እንጂ ውሃ ያሞለሞለው አይደለም።

አንደኛ ምርጫ ከውጭ የሚገባ የአራጎናይት (የካልሲየም ካርቦኔት ዓይነት) አሸዋ ነው፤ የአንዱ ፍሬ መጠን ከ0.5 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር። ለእናንተ ገንዳ 6 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃል። ያ ወደ 30 ሊትር፣ በክብደት 45 ኪሎ ገደማ ነው። ዋጋው ከከበደ ሁለተኛው አማራጭ የመዋኛ ገንዳና የውሃ ማጣሪያ ዕቃ የሚያቀርቡ ሰዎች ጋ የሚገኘው የኳርትዝ አሸዋ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ጥቂት ቆንጥራችሁ በማጉያ መነጽር እዩት፤ ፍሬው ክብ ከሆነ ይያዝ፣ ማዕዘን ካለው ይቅር። የኳርትዝ ጉድለቱ የውሃውን አልካሊኒቲ (አሲድን የመቋቋም አቅም) አለመደገፉ ነው፤ ዓሣውን አይጎዳም። የትኛውንም ብትገዙ ውሃው ጥርት እስኪል በባልዲ እጠቡት።

መልስ (ደሴ፣ ፒያሳ)

ስለ መስታወት፦ ደሴ አሠሩት። ያለቀለት ገንዳ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ተጭኖ ሲመጣ ማዕዘኑ ላይ ስንጥቅ ይዞ የመድረስ ዕድሉ ሰፊ ነው። መስታወት ቤቶች ለመስኮት የሚቆርጡት 4 እና 6 ሚሊ ሜትር ስለሆነ «ይህም ይበቃል» ሊሏችሁ ይችላሉ፤ እሺ አትበሉ። ለ50 ሳንቲ ሜትር ቁመት 10 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ጠርዙም ይሞረድ። ሲሊኮኑ ሲደርቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ነው። ለመታጠቢያ ቤት የተሠራውን ፀረ ሻጋታ ያለበትን አትቀበሉ፣ መርዙ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ከተለጠፈ በኋላ አንድ ሳምንት ይድረቅ። ከዚያ ውጭ ደጃፍ ላይ ተሞልቶ ለሁለት ቀን ይታይ።

እግሩን በያጅ በ40 በ40 አርኤችኤስ (ውስጡ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን ብረት) ይሠራዋል፤ ከነአሸዋው፣ ከነድንጋዩና ከነውሃው ከ300 ኪሎ በላይ ይሸከማል። ብየዳው ሁሉ ሁለት እጅ አንቲረስት ይቀባ፣ የጨው ውሃ ፍንጣቂ ብረት አይምርም።

ከእግሩም ከገንዳውም በላይ ልብ በሉልኝ የምለው የድንጋዩን አቀማመጥ ነው። ድንጋይ አሸዋ ላይ አይቀመጥም። ጎቢው ከሥሩ ይቦረቡራል፣ ክምሩ ይንሸራተታል፣ ወይ ዓሣውን ይጨፈልቃል ወይ የፊቱን መስታወት ይሰብራል። አሸዋ ከመግባቱ በፊት የታችኛው መስታወት ላይ ስስ የፕላስቲክ ንጣፍ ይነጠፍ፣ ትልልቁና ጠፍጣፋው ድንጋይ በቀጥታ እሱ ላይ ይረፍ። ወይም ከቧንቧ ዕቃ መደብር የፒቪሲ ቱቦ ገዝታችሁ በ7 ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ እግር አድርጉለት። አሸዋው መጨረሻ ላይ በዙሪያው ይፈስሳል። ድንጋዩን በእጅ ገፋ አድርጉት፣ ከተነቃነቀ ገና አላለቀም። እዚያው መደብር ስትገዙ የነሐስ መገጣጠሚያና ቫልቭ አታስገቡ፤ ውስጡ ያለው መዳብ ሽሪምፕን ይገድላል።

ሞገድ የሚሠራውን ፓምፕ ከአሸዋው ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት። ጎቢው የሚተፋው አሸዋ ፓምፑ ውስጥ ከገባ ኢምፔለሩን (ውሃውን የሚገፋውን ተሽከርካሪ ክንፍ) ይፈጨዋል። መስታወቱን በማግኔት ስታጸዱም እስከ አሸዋው ድረስ አትውረዱ፤ አንዲት ፍሬ ከሥሩ ከገባች የማይጠፋ ጭረት ትተዋለች።

መልስ (ኮምቦልቻ)

የአፍዴራ ጨው አይሆንም። ለወጥ የሚሆን ሶዲየም ክሎራይድ ነው፣ የባህር ውሃ ግን ከሱ ሌላ በሊትር 1,300 ሚሊ ግራም ገደማ ማግኒዚየም፣ 420 ገደማ ካልሲየም፣ በቂ አልካሊኒቲም አለው። ሐይቅ ሄዶ ውሃ መቅዳትም እንዲሁ ዋጋ የለውም፣ ጣፋጭ ውሃ ነው። የአኳሪየም ጨው ተገዝቶ ይምጣ። አሸዋውና ድንጋዩ ቦታ ስለሚይዙ ገንዳው የሚወስደው የተጣራ ውሃ 200 ሊትር አካባቢ ነው። በሊትር 37 ግራም ቢሰላ መጀመሪያ 7.5 ኪሎ ገደማ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 20 ሊትር ሲለወጥ 750 ግራም ይሄዳል። ስለዚህ ትንሹን ካርቶን ትታችሁ የ20 ኪሎውን ባልዲ ግዙ። የጨዋማነቱ ልክ (ውሃው ከንጹህ ውሃ አንጻር ያለው ክብደት) 1.025 ነው፤ በሪፍራክቶሜትር (የጨው መለኪያ መነጽር) ይለካ፣ ሪፍራክቶሜትሩም ጨዋማነቱ በሺህ 35 በሆነ መለኪያ ፈሳሽ ይስተካከል። የሚተነውን ውሃ የምትተኩት በጨዋማ ሳይሆን በተጣራ ንጹህ ውሃ ነው።

ለማጣሪያ፣ ለመጠጥ የሚሸጠው የቤት አርኦ (ውሃን በግፊት በስስ ሽፋን የሚያጣራ ዕቃ) ይሠራል፣ ሁለት ነገር ካስተካከላችሁ። መጨረሻው ላይ ያለው ማዕድን የሚጨምረው ካርትሪጅ ይነቀል። ሁለተኛ፣ ሜምብሬኑ (የሚያጣራው ስስ ሽፋን) 3 ባር ያህል ግፊት ይፈልጋል፤ 3 ሜትር ላይ የተቀመጠ ሮቶ 0.3 ባር ብቻ ስለሚሰጥ ግፊት የሚጨምር ፓምፕ ይግባለት። የቲዲኤስ (ውሃ ውስጥ የሟሟ ነገር) መለኪያው ከ5 በታች ካሳየ ጥሩ ነው።

መልስ (ደሴ፣ አራዳ)

ማንም ያላነሳው ከፍታውን ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በባህር ጠለል ላይ 26 ዲግሪ ያለ ጨዋማ ውሃ በሊትር 6.6 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል፤ ያው ውሃ ደሴ ላይ 5 አይሞላም፣ ኮምቦልቻ ላይ ትንሽ ያልፋል። ስለዚህ ስኪመር (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣ ዕቃ) ሲገዛ 250 ሊትር የሚለውን ትታችሁ 400 የሚለውን ያዙ። አንዱ ፓምፕም የውሃውን ፊት እየሰበረ ይሥራ። የመስታወት ክዳን አታድርጉ። ጎቢ ሲደነግጥ ስለሚዘል ክዳን የግድ ነው፣ ግን መረብ ይሁን፦ አሉሚኒየም ሠሪ የመስኮት ወንፊት ፍሬም አድርጎ ይሠራዋል፣ ቀለም የተቀባ ፍሬም፣ ሽቦ ያልሆነ የናይለን መረብ፣ ቀዳዳው 6 ሚሊ ሜትር።

ለደሴ ብርድ ከአንድ ባለ 300 ዋት ሂተር ሁለት ባለ 150 ይሻላል፤ አንዱ ተበላሽቶ ሳይጠፋ ቢቀር ገንዳውን አይቀቅለውም። መብራት ሲጠፋ ሂተር በባትሪ አታስቡ፦ ባለ 12 ቮልት 50 አምፔር ሰዓት ባትሪን በአንድ ሰዓት ገደማ ግማሽ ያደርሰዋል። ያው ባትሪ 10 ዋት የሚወስድ የዲሲ ፓምፕ ግን ከ20 ሰዓት በላይ ያቆማል። ሶላር ከሚሸጡት ባትሪና ቻርጅ መቆጣጠሪያ ግዙ። የኮምፒውተር ዩፒኤስ ለደቂቃዎች የተሠራ ነው፤ ገንዘባችሁን አታባክኑበት። ለሙቀቱ ጎንና ጎኑን በብርድ ልብስ ሸፍኑ፣ ላዩን ክፍት ተዉት።

መልስ (ኮምቦልቻ)

ዓሣውን በአውሮፕላን ወደ ኮምቦልቻ ማስመጣት ከአውቶቡስ ይሻላል። መንገዱ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፣ ወዲያው ሸዋ ሮቢት ወዳለው ሙቀት ይወርዳል። ጢም ብሎ የታሰረ ላስቲክ ከፍታው ላይ ተነፍቶ ይፈነዳል፣ ቆላው ላይ ውሃው ይሞቃል። በመኪና ከመጣ አንድ እጅ ውሃ ሁለት እጅ ኦክስጅን፣ ላስቲኩ ድርብ፣ ሲታሰር ትንሽ ለስለስ ያለ፣ ፎም ሳጥን ውስጥ።

ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ሲመገብ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፣ በቪዲዮም ቢሆን። ሆዱ ወደ ውስጥ የገባ፣ ጀርባው ስለት የመሰለ ጎቢ አይገዛ። ቤት ከገባም በኋላ የሚገድለው ረሃብ ነው፤ የአሸዋውን ጥቃቅን ነፍሳት በሳምንታት ጠርጎ ይጨርሳቸዋል። ስለዚህ በረዶ የሆነ ማይሲስ (ሽሪምፕ መሳይ ትንንሽ የባህር ነፍሳት) በቀን ሁለት ሦስቴ፣ በቱቦ አሸዋው ላይ ወርዶለት ይብላ። አዲስ ገንዳ ውስጥ ወዲያው አታስገቡት፣ አሸዋው ጥቂት ወራት ይቆይና ነፍሳት ያፍራ።

ኮራል ለማኖር ካሰባችሁ ጭንቅላቱ ቢጫ የሆነው ስሊፐር ጎቢ ይቅር፤ አሸዋውን ከፍ ብሎ እየዋኘ ነው የሚረጨው፣ ኮራሉ ላይ ይዘንባል። ኢንጂነር ጎቢም ለ250 ሊትር አይሆንም፣ 30 ሳንቲ ሜትር ያልፋል፣ የገንዳውን ወለል ሙሉ በሙሉ ይገለብጠዋል። አነስ ያለ ቁፋሮ የሚፈልግ ሰው ቢጫ ዋችማን ጎቢን ከፒስቶል ሽሪምፕ ጋር ይያዝ፤ ሽሪምፑ ይቆፍራል፣ ዓሣው በር ላይ ይጠብቃል። ለነሱ አሸዋው ላይ ከ3 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ የኮራል ስብርባሪ ሩብ ያህል ይቀላቀል፣ አለዚያ ጉድጓዱ ጣሪያ አይይዝም።