በዲዛይንና ግንባታ ውል የድልድይ ኤክስፓንሽን ጆይንት መስፈርት እንዴት ይጻፍ?

ጥያቄ፦
ዲዛይኑንም ግንባታውንም አንድ ተቋራጭ ለሚሠራበት ውል የአሠሪውን መስፈርት እያዘጋጀሁ ነው። ድልድዩ 120 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ያልተቋረጠ (በመሃሉ መጋጠሚያ የሌለው) የኮንክሪት ወለል ነው። የኤክስፓንሽን ጆይንቱን፣ ማለትም ወለሉ ሲለጠጥና ሲኮማተር እንዲንቀሳቀስ የሚያስችለውን መጋጠሚያ፣ ዓይነት እኔ ልወስን ወይስ ለተቋራጩ ልተው?

መልስ፣ ከድልድይ ዲዛይነር፦
ዓይነቱን ለተቋራጩ ይተዉ፤ ጆይንቱ ሊያሟላ የሚገባውን ግን አጥብቀው ይጻፉ። ኮንክሪት ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ በሜትር 0.01 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚለጠጥ፣ የሙቀቱ ልዩነት 30 ዲግሪ ቢሆን ወለሉ በጠቅላላው 36 ሚሊ ሜትር ያህል ይንቀሳቀሳል፤ በዚህ ላይ ኮንክሪቱ ሲደርቅ የሚኮማተረውና በቅድመ ውጥረት (በውስጡ ተወጥረው በሚጨምቁት የብረት ገመዶች ጫና) ሥር በጊዜ ብዛት የሚያጥረው ይደመራል። ስሌቱን ተቋራጩ ያቅርብ፤ የሙቀቱን ወሰን ግን እርስዎ ይስጡ፤ አለዚያ ተጫራቾች ርካሹን ጆይንት የሚያስመርጥ ጠባብ ወሰን ይይዛሉ።

መልስ፣ ከግንባታ ተቆጣጣሪ፦
ውኃ አለማስገባቱን አይርሱ። በተቆጣጠርኩት አንድ ሥራ የጆይንቱን ክፍተት የሚዘጋው ጎማ ከቁርጥራጮች ተቀጣጥሎ በመሠራቱ፣ ከቅጥያው የሰረገው ውኃ ወለሉ የሚያርፍባቸውን የድልድዩን መቀመጫዎች አበላሽቷል። ስለዚህ ጎማው ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ እንዲሆን፣ ከርክክብ በፊት በውኃ እንዲፈተሽ፣ ክፍተቱም በተከላው ዕለት ባለው የኮንክሪት ሙቀት ተሰልቶ እንዲስተካከል ያስገድዱ።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ትራፊክ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ጎማው በየትራፊክ መስመሩ ተራ በተራ መቀየር እንዲችልም እጠይቃለሁ።

መልስ፣ ከድልድይ ዲዛይነር፦
ይህ ከአንድ ወጥ ጎማ ጋር ይጋጫል፤ ጎማው ከላይ በኩል፣ ጎማውን የያዘው የብረት ጠርዝ ሳይነካ እንዲቀየር ቢጠይቁ ይሻላል።