የአሜሪካ መጤ ተምች በጥጥ ቅጠል ላይ ብዙ በልቶ ለምን ያንሳል?

ጥያቄ

ከአንድ የእንቁላል ክምር የተፈለፈሉ የአሜሪካ መጤ ተምች እጮችን ወስጄ ግማሾቹን በበቆሎ፣ ግማሾቹን በጥጥ ቅጠል አሳደግኋቸው። በጥጥ ላይ ያደጉት ወደ ሙሽሬነት (እጭ የእሳት እራት ከመሆኑ በፊት ሳይበላ ወደሚቆይበት ደረጃ) የተለወጡት በ4 ቀን ዘግይተው ሲሆን፣ ሙሽሬዎቻቸውም በዓይን ሲታዩ እንኳ ያነሱ ናቸው። ግራ ያጋባኝ ግን በየዕለቱ የማቀርብላቸው የጥጥ ቅጠል ከበቆሎው ይበልጥ መበላቱ ነው። ተክሉ የማይስማማቸው ከሆነ ስለምን አብዝተው ይበላሉ? ጥጥ ተባዩን ይቋቋማል ብዬ መደምደምስ እችላለሁ?

መልስ 1

ያዩት ነገር እርስ በርሱ አይጋጭም። እጭ የሚያድገው ከበላው ውስጥ ወደ ሰውነቱ መለወጥ በቻለው መጠን በመሆኑ፣ ቅጠሉ በቂ ፕሮቲን የማይሰጠው ሲሆን ጉድለቱን ለማካካስ ምግቡን ያበዛል። የጥጡን ቅጠል ወደ ብርሃን አቅንተው ቢመለከቱት ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ያያሉ፤ እነዚህ ጎሲፖል የተባለውን ውህድ የያዙ እጢዎች ናቸው፤ ጎሲፖልም ከፕሮቲን ጋር እየተጣበቀ መፈጨቱን ያውካል። በቆሎም ቢሆን መከላከያ የሌለው ተክል አይደለም። ዲምቦአ የሚባል መርዛማ ውህድ አለው፤ ይሁንና ይህ ተምች ውህዱን ከስኳር ጋር አጣምሮ ያረክሰዋል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ተክሉ መርዝ አለው ወይ የሚለው ሳይሆን፣ ተባዩ ማርከሻው አለው ወይ የሚለው ነው።

መልስ 2

«ይቋቋማል» ለማለት አይቸኩሉ። ከትንሽ ሙሽሬ የምትወጣ ሴት የእሳት እራት የምትጥለው እንቁላል በአብዛኛው ጥቂት ስለሚሆን ቀጣዩ ትውልድ ሊመነምን ይችላል፤ የአሁኑ ቅጠል ግን እርስዎ እንዳዩት ይበልጥ ተበልቷል። በማሳ ላይ ደግሞ በእጭነት ብዙ ቀን የቆየ ተባይ ለጥገኛ ተርቦችና ለሌሎች ጠላቶቹ ተጋልጦ ስለሚሰነብት፣ ጠላት በሌለበት ዕቃ ውስጥ የተገኘው የ4 ቀን መዘግየት ውጭ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል።

እጮቹን ያሳደጉት ለየብቻ ነው ወይስ በአንድነት? የቅጠሉ ዕድሜስ ተመሳሳይ ነበር? ለጋ ቅጠልና የጠና ቅጠል፣ ከአንድ ተክል ቢቀጠፉም እንኳ፣ ለእጭ አንድ ዓይነት ምግብ አይደሉም።

የጠያቂው ምላሽ

ቅጠሉን ከላይኛው ቅርንጫፍ ብቻ ነበር የምቀጥፈው። እጮቹን ግን በየዕቃው አምስት አምስት አድርጌ ነው ያቆየኋቸው፤ በጥጡ በኩል ሦስት ጠፍተውብኛል።

መልስ 2

እንግዲያው ጠፉ ያሏቸው ተበልተው ሊሆን ይችላል። የዚህ ተምች ትልልቅ እጮች እርስ በርስ ይበላላሉ፤ ወንድሙን የበላ እጭ ደግሞ የጥጥ ብቻ ሳይሆን የሥጋም ቀለብ አግኝቷልና ክብደቱ የተክሉን ጠባይ አያሳይም። ከፍልፈላ ጀምሮ ለየብቻ ያስቀምጧቸው፤ ከአንዱ የእጭ ደረጃ ወደ ሌላው ሲያልፉ ቆዳቸውን ቀይረው የጣሉትንም የራስ ቅርፊት ይቁጠሩ፤ ብዙውን ጊዜ 6 የእጭ ደረጃዎች ሲኖሩ፣ በማይስማማ ምግብ ላይ ግን ተጨማሪ ደረጃ ሊመጣ ስለሚችል መዘግየቱ ከየት እንደመጣ ይገልጽልዎታል።

መልስ 3

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሙሽሬዎቹን ሲመዝኑ ጾታቸውን ይለዩ፤ ያለዚያ የጾታ ልዩነቱ የተክል ልዩነት መስሎ ይታያል። ሙሽሬውን በጀርባው አስተኝተው በማጉያ መነጽር የሆዱን ጫፍ ይመልከቱ፦ የመራቢያ ቀዳዳው በ8ኛው የሆድ ክፍል ላይ ከሆነ ሴት፣ በ9ኛው ላይ ከሆነ ወንድ ነው።