ያለ አስጎብኚ የዲስቲለሪ ቅምሻ፦ ይከልከል ወይስ ይቀጥል?

ጎዳና፦ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን የቅምሻ ካርታ አይታችሁታል? በአንድ ከሰዓት አምስት ዲስቲለሪ (ውስኪ፣ ጂንና የመሳሰለው አረቄ የሚወጣበት ቤት)፣ ከ7 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት፣ ያለ አስጎብኚ። በየቤቱ ጎን ደግሞ የመኪና ማቆሚያ ምልክት ተስሏል። ይህን ያዘጋጀ ሰው ሰዓቱን ደምሮ አላየውም። ሙሉ ጉብኝት ከነቅምሻው ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይፈጃል። አምስቱ ሲደመሩ በትንሹ 300 ደቂቃ ናቸው፤ ለመንገድ አንዲት ደቂቃ አልተረፈችም። ብዙ ቤት ደግሞ የመጨረሻውን እንግዳ የሚያስገባው ከመዝጊያው አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። ታዲያ ሰው ምን ያደርጋል? እየሮጠ ይጠጣል፣ ከዚያ መሪ ይይዛል። እንዲህ ያለ ዙር ያለ አስጎብኚና ያለ ሾፌር መከልከል አለበት ባይ ነኝ።

በርሜል፦ አምስቱንም ቤት ሙሉ ጉብኝት ግቡ ያለ ማን ነው? አንዱን ቤት በደንብ ትጎበኛለህ፣ በሌሎቹ ባንኮኒው ላይ ቀምሰህ ትወጣለህ። ጥንስሱ፣ የመዳብ ጋኑ፣ በርሜሉ በየቤቱ ያው ነው፤ ለቅምሻው 30 ደቂቃ ይበቃል። ደግሞም ቅምሻ መጠጣት አይደለም። አንዱ መለኪያ 15 ሚሊ ሊትር ነው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው። አዋቂን ሰው እጁን ይዞ የሚያዞር ሞግዚት መቅጠር ምን የሚሉት ሕግ ነው?

ሚዛን፦ ጋሼ በርሜል፣ «ቅምሻ መጠጣት አይደለም» የሚለውን እንመዝነው። 15 ሚሊ ሊትር ባለ 40 በመቶ ማለት 6 ሚሊ ሊትር ንጹህ አልኮል ነው። በአልኮል እፍጋት በ0.79 ሲባዛ 4.7 ግራም። አንድ ቤት የሚያቀርበው ብዙ ጊዜ አራት ብርጭቆ ስለሆነ 19 ግራም ይሆናል። አምስት ቤት ሲዞር 95 ግራም። 70 ኪሎ የሚመዝን ወንድ 95 ግራም ሲጠጣ 95 ለ70 ይካፈላል፣ ከዚያ አልኮሉ ለሚሰራጭበት የወንድ ሰውነት ድርሻ ለ0.68፤ ውጤቱ 2 በሺህ ነው፣ ማለትም በአንድ ኪሎ ደም 2 ግራም። ሰውነት በሰዓት 0.15 ያህል ይቀንሳል፤ በአምስት ሰዓት 0.75። 12 ሰዓት ላይ በደሙ ውስጥ 1.25 በሺህ አለ። 55 ኪሎ ለምትመዝን ሴት ማካፈያው 0.55 ነው፣ ስለዚህ 2.4 በሺህ አካባቢ ትደርሳለች። ይህ መጠጣት ካልሆነ መጠጣት ምንድን ነው?

ገብስ፦ ጋሼ በርሜል ያሉት ገብቶኛል፣ እናንተ ግን አንዷን ቃል ይዛችሁ ሙጭጭ አላችሁ። አምስት ቤት ገብቶ አራት አራት ብርጭቆ የሚጨርስ ሰው ቀማሽ አይባልም። ቀማሽ ይተፋል።

በርሜል፦ ገብስ ተባረክ። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። መዓዛውን የሚነግርህ አፍንጫህ ነው። ብርጭቆው አፉ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ ያለ ይሁን። እንደ ወይን አታማታው፤ ካማታኸው የሚወጣው የአልኮል ትነት አፍንጫህን ያቃጥለዋል። ከአገጭህ በታች ያዘው፣ አፍህን ትንሽ ከፍተህ ቀስ እያልክ ወደ አፍንጫህ አስጠጋ። ከዚያ በምላስህ ላይ አንዲት ጠብታ። ሁለት ሦስት ጠብታ ውሃ ጨምርበትና እንደገና አሽትተው፣ ተዘግቶ የነበረው ይከፈታል። የቀረውን ወደ መትፊያው።

ሚዛን፦ እና መትፊያው የት ነው ያለው? ካርታው ላይ የመኪና ማቆሚያ እንጂ መትፊያ አልተሳለም።

ጥድ፦ በዚህ ላይ ሚዛን እውነት አላት። ብዙ ቤት መትፊያ ባንኮኒ ላይ አያስቀምጥም፣ ከጠየቅክ ግን ያመጣል። ሲገቡ ነው መጠየቅ፤ አራተኛው ብርጭቆ ላይ ሲደርሱ ማፈር ይመጣል። ካልሆነ ውስጡ የማይታይ ክዳን ያለው ኩባያ ይዞ መሄድ ነው። የተፋ ሰውም ቢሆን ትንሽ በአፉ በኩል ስለሚገባው ዜሮ አይሆንም።

ስለ ቅደም ተከተልም ካርታው ተሳስቷል። መጀመሪያ ያስቀመጠው ጭስ የጠገበ ውስኪ የሚሠራውን ቤት ነው። ያ ጭስ አንዴ ምላስ ላይ ከተቀመጠ ቀጥሎ የሚመጣው ቮድካ ውሃ ውሃ ይላል። ቮድካ ይቅደም፣ ከዚያ ጂን፣ ከዚያ በርሜል ያልገባው፣ ከዚያ በርሜል የቆየው፣ ጭሱ ኋላ፣ ጣፋጩ ሊከር ከሁሉ በኋላ። የጂን የጥድ ፍሬ ዘይትም ምላስ ያደነዝዛል፣ ስለዚህ ሁለት የጂን ቤት አከታትሎ መግባት ሁለተኛውን ያለ ጥፋቱ መቅጣት ነው። ከስድስት እስከ ስምንት ብርጭቆ ካለፈ በኋላ ልዩነት እለያለሁ የሚለው ሰው ጥቂት ነው።

ነጠብጣብ፦ ጥድ ያልጠቀስከው አለ፤ ብርጭቆው የሚለካው በእጅ ግምት ከሆነ 15 የተባለው 25 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ያ 4.7 ሳይሆን 8 ግራም ነው። ባለ 60 በመቶ በቀጥታ ከበርሜል የተቀዳ ከሆነ ደግሞ 15ቱ ብቻ 7 ግራም ነው። መግቢያ ላይ «እንኳን ደህና መጡ» ብለው የሚሰጡት ኮክቴል 45 ሚሊ ሊትር ካለው 14 ግራም ነው፣ ማለትም ገና ጉብኝቱ ሳይጀመር ሦስት ቅምሻ ተጠጥቷል። እሱን አልቀበልም ማለት ነውር የለውም።

ገብስ፦ ኧረ ሰው በኮክቴል ሞተ አትበሉን! አደጋው ያለው በየመኖሪያ ቤቱ በድብቅ የሚወጣው አረቄ ላይ ነው። ፈቃድ ያለው ቤት መጀመሪያ የሚወጣውን፣ «ራስ» የሚባለውን የሚደፋው መርዛማው አልኮል ሜታኖል ስለሆነ ነው፣ ስለዚህ ሰዉ በሰላም ይጠጣል።

ጥድ፦ ገብስ፣ ይህን መድገም ይቅር። ራሱ ላይ የሚሸተው በዋናነት አሴታልዲሃይድና ኤቲል አሴቴት ነው፤ ሁለተኛው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸት ነገር ነው። ሜታኖል 64.7 ዲግሪ ላይ፣ ኤታኖል 78.4 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ግን ሁለቱም ከውሃ ጋር ስለተቀላቀሉ ሜታኖሉ ራሱ ላይ ብቻ ተሰብስቦ አይወጣም፣ ከመጀመሪያው እስከ ጭራው ይከፋፈላል። ከእህል የሚወጣ አረቄ ሜታኖሉ ትንሽ ነው፤ ከፍራፍሬ ሲሆን ልጣጩ ውስጥ ካለው ፔክቲን ከሚባል ንጥረ ነገር ስለሚመጣ ይበዛል። ራሱን መድፋት ለጣዕሙ ነው የሚጠቅመው፤ «ራሱን ደፍቼዋለሁ፣ ደህና ነው» ብሎ ያልታወቀ ነገር መጠጣት ሰው ያሳውራል።

ገብስ፦ የፋብሪካ ሰው ነው እንዲህ ያለኝ።

ጥድ፦ የፋብሪካ ሰው አለህ ማለት ልክ ነው ማለት አይደለም። ጂን ላይ ውሃ ስትጨምር ቢደፈርስ «ተበላሽቷል» የሚሉም የፋብሪካ ሰዎች አሉ። ያ ዘይቱ ከአልኮሉ መለየቱ ነው፣ ዘይት የበዛበት ጂን ይደፈርሳል። ውስኪም ከ46 በመቶ በታች ሲወርድ ሲቀዘቅዝ ሊደፈርስ ይችላል፣ ለዚያ ነው አቀዝቅዘው የሚያጣሩት።

ጎዳና፦ ወደ ነገሩ እንመለስ። ጋሼ በርሜል፣ ሁሉም ይትፋ ተባለ እንበል። የማይተፋውን ማን ያያል? በአንዳንድ አገር አንድ ዲስቲለሪ ለአንድ ሰው በቀን ከዚህ በላይ እንዳይቀዳ ሕግ አለ፣ ግን እያንዳንዱ ቤት የሚቆጥረው የራሱን ብቻ ነው። አምስተኛው ቤት ገብተህ ቁጥርህ ከዜሮ ይጀምራል። ለዚህ ነው አስጎብኚ ያስፈልጋል የምለው።

በርሜል፦ አስጎብኚው ምን ያደርጋል? ያጣድፋል እንጂ። አውቶቡሱ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል፣ አራቱን ብርጭቆ በ20 ደቂቃ ጨርሱ ይባላል። ማንም ስለማይነዳ ሁሉም ይውጣል። በራሱ የሚዞር ሰው ግን ሁለተኛው ቤት ደክሞት ሦስተኛውን ይተዋል። የትኛው ነው ይበልጥ የሚጠጣው?

ነጠብጣብ፦ በዚህ ከጋሼ በርሜል ጋር ነኝ፣ ግን «30 ደቂቃ ይበቃል» ያሉት ላይ አይደለሁም። አልኮል በደም ውስጥ ጫፍ የሚደርሰው ከጠጡ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፣ በባዶ ሆድ ቶሎ፣ ከምግብ በኋላ ዘግይቶ። በ30 ደቂቃ ቅምሻ ሁለት ቤት የጨረሰ ሰው «ምንም አልሆንኩም» ብሎ ሦስተኛው ቤት ይገባል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቤቶች እዚያ ይደርሱበታል። ሦስት ቤት፣ በየቤቱ ሦስት ብርጭቆ፣ በአምስት ሰዓት ብታደርጉት 43 ግራም ገደማ ይመጣል፤ 70 ኪሎ ወንድ መጨረሻው 0.15 በሺህ አካባቢ ነው። ግን 55 ኪሎ ሴት 0.66 ላይ ናት፣ ብዙ አገር ለሚነዳ ሰው ወሰኑ 0.5 ነው። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 ከ0.8 ወደ 0.5 አውርዳዋለች። ስለዚህ ሦስት ቤት ለአንዱ ይበቃል፣ ለአንዱ ይበዛል። ከመጀመሪያው ቤት በፊት በደንብ መብላት፣ ሁለት ሰው አንዱን ትሪ መካፈል፣ ሦስቱም ቤቶች በእግር የሚደረስባቸው መሆን። ውሃና ቡና ያስነቁ ይሆናል፣ ከደም ግን አያወጡትም፤ የሚያወጣው ጉበት ነው፣ ጉበት ደግሞ አይጣደፍም።

ሚዛን፦ ይኸው ነጠብጣብ መለሰልኝ። አንድ የጋራ ካርድ ይኑር እላለሁ። መጀመሪያው ቤት ይሰጥሃል፣ በየቤቱ የተቀዳልህ በግራም ይጻፋል፣ ወሰኑ ሲሞላ ቀጣዩ ቤት ለመዓዛ ብቻ ያስሸትትሃል ወይም በትንሽ ጠርሙስ ይሰጥሃል። የስኮትላንድ ቤቶች ለሾፌሩ የራሱን ቅምሻ በትንሽ ጠርሙስ ሞልተው ወደ ቤት ይሰጡታል፤ ያን ለሁሉም ማድረግ ምን ይከብዳል?

በርሜል፦ ካርዱን አልቀበልም። ምን ያህል እንደጠጣሁ የሚመዘግብ ደብተር ለሦስት ነጋዴ ማስረከብ ነው። ጠርሙሱ መልካም ነው፣ ካርዱ ግን አይሆንም። ካርድ ቢሞላ ሌላ ሰው ስም ላይ ይያዛል፣ ያው የውሃ ወቀጣ ነው።

ጎዳና፦ ካርዱን ካልፈለጉ፣ አስጎብኚውን ካልፈለጉ፣ መኪናውንም ካላስቀሩ ምን ይቅር ነው የሚሉት?

በርሜል፦ መኪናው ይቅር። እኔ ስለ መኪና አንድም ቃል አልተናገርኩም፣ ወደ አፌ አታስገባብኝ። ካርታው ላይ የተሳለውን ማቆሚያ አንተ ነህ ያነሳኸው።

ገብስ፦ እሱ ነው! የካርታውን ጥፋት በጋሼ በርሜል ላይ ነው የምትጭኑት።

ሚዛን፦ «ቅምሻ መጠጣት አይደለም» ያሉት ግን እርሳቸው ናቸው፣ ካርታው አላለም።

ጥድ፦ ሌላ ነገር፦ የመዳብ ጋኑ ሲሠራ ማየት የሚፈልግ ሰው ሳይሄድ በፊት ይጠይቅ፣ ቅዳሜና እሑድ ብዙ ቤት እሳቱን አጥፍቶ ነው የሚያስጎበኘው። ጋኑ ያለበት ክፍል ስልክ አጥፉ ሲሉ ትነቱ ስለሚቀጣጠል ነው፣ አትከራከሯቸው። ሽቶ አትቀቡ፤ የራሳችሁንም የጎናችሁንም አፍንጫ ነው የምታበላሹት።

በርሜል፦ ጥድ የሚለው ሁሉ ልክ ነው። ሚዛን፣ አንቺ ደግሞ መልሺልኝ፦ ካርዱ ቢኖር ሦስተኛው ቤት ሻጩ «ሞልቷል» ሲል እኔ አልሞላም ብል ማን ይዳኘናል?

ሚዛን፦ ሻጩ ራሱ። አሁንም ቢሆን የሰከረ ሰው ብርጭቆ ላይ አትቅዳ የሚል ሕግ ያለበት አገር ብዙ ነው። ካርዱ የሚያደርገው ዓይኑን አይቶ ከመገመት አውጥቶ ቁጥር ማስያዝ ነው።

በርሜል፦ ዓይኑን አይቶ መገመቱ ይሻለኛል። አንዱ በ40 ግራም ይወድቃል፣ አንዱ በ40 ግራም ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ነጠብጣብ፦ ጋሼ፣ ቀጥ ብሎ የሚቆመውም በደሙ ያለው ቁጥር ያው ነው። የለመደ ሰው አለመንገዳገዱን እንጂ አልኮሉን አላስወጣም። ፖሊስ የሚለካው ደግሞ ትንፋሹን ነው።