«ትርፍ ምርት» ሲባል ትርፉ የቱ ነው?

ጥያቄ፦
ሰላም የቃል ወዳጆች። ስለ ግብርናና ስለ ኢኮኖሚ ታሪክ የተጻፈ ነገር እያረምኩ ነው። «ትርፍ ምርት ከተማን ወለደ» የሚል ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ቆምኩ። ትርፍ አንዴ የነጋዴ ጥቅም ነው። አንዴ ደግሞ ባይኖርም የማይጎዳ ነገር ነው፤ «ትርፍ ጭነት»፣ «ትርፍ አንጀት» እንላለን። ታዲያ እዚህ የቱ ነው? «የተረፈ ምርት» ወይም «ተረፈ ምርት» ብዬ ላስተካክለው?

ምላሽ፦
እህቴ፣ ቃሉን አትንኪው። ከግሱ እንነሳና ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ተረፈ ማለት ቀረ ማለት ነው፤ ዳነ ማለትም ነው። ምግብ ይተርፋል፣ ሰው ከሞት ይተርፋል። አተረፈ ስንል ነጋዴው አገኘ፣ ሐኪሙም ነፍስ አዳነ። ሲደጋገም ተትረፈረፈ ይሆናል፤ ያ ጥጋብ ነው። መቅረት፣ መዳን፣ ማግኘት፣ መብዛት፤ አራቱም ከአንድ ሥር ይወጣሉ። ለገበሬ ደግሞ አራቱ ብዙም የሚራራቁ ነገሮች አይደሉም።

የዘሩን ሂሳብ እንየው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ አንድ እጅ ስንዴ የዘራ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያፍሰው ሦስት ወይም አራት እጅ ነበር። አራት አገኘ እንበል። አንዱ ለከርሞ ዘር ይቀመጣል። እሱን የበላ የሚመጣውን ዓመት በላ። ከቀረው ሦስት ላይ የቤተሰብ ቀለብ፣ የባለ መሬቱ ድርሻና የቤተ ክርስቲያን አሥራት ይነሳል። አሁን ዝናቡ ተዛባና አራቱ ሦስት ሆነ። ምርቱ የቀነሰው በሩብ ነው። ዘሩ ግን ያው አንድ ስለሆነ የቀረው ከሦስት ወደ ሁለት ወረደ፤ ይህ በሲሶ መቀነስ ነው። ሆድ እንደ ልማዱ ይጠይቃል። ስለዚህ ወደ ገበያ የሚወጣው ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። መጠነኛ የምርት መቀነስ የከተማን የእህል ዋጋ ጣሪያ የሚያስነካው በዚህ መንገድ ነው።

እንግዲህ ትርፍ ማለት እዚህ ከዘርና ከቀለብ የተረፈው ነው። የማያርስ ሰው ሁሉ የሚኖረው በእሱ ነው፤ አንጥረኛው፣ ወታደሩ፣ ጸሐፊው፣ ንጉሡ።

ጸሐፊው ስል ያለ ምክንያት አይደለም። ከ5,000 ዓመታት በፊት በሜሶጶጣሚያ (በዛሬዋ ኢራቅ አካባቢ) ከተጻፉት የመጀመሪያዎቹ የሸክላ ሰሌዳዎች አብዛኞቹ የጎተራ ሂሳብ ናቸው። ስንት ገብስ ገባ፣ ለማን ስንት ተሰፈረ የሚል ነው። መብላትን ወይም ቀለብን የሚያመለክተው ምልክት የሰው ራስና ጎድጓዳ ሳህን ጎን ለጎን ነው። ይህን ሳስብ ሁሌም ይደንቀኛል። ጽሕፈት የምንወደው ነገር ሁሉ ምንጭ ነው፤ አፉን የፈታው ግን እህል ሲቆጥር ነው።

ገብሱ ደመወዝም ነበር፣ ገንዘብም ነበር። ወደ 3,800 ዓመት ገደማ በሚሆነው፣ ኤሽኑና በተባለች የሜሶጶጣሚያ ከተማ ሕግ አንድ ኮር ገብስ፣ በእኛ መስፈሪያ 300 ሊትር ያህል፣ በአንድ ሰቅል ብር ተተምኗል፤ ብር ስል ማዕድኑን ነው፣ ሰቅልም የክብደት መለኪያ ነው። ሰቅል የመጣው መመዘን ከሚል የሴማዊ ግስ ነው፤ የኛው «ሰቀለ» የዚያ ግስ ዘመድ ነው። ሚዛን ተሰቅሎ ነውና የሚመዘነው።

እህል ለዚህ ሁሉ የተመቸው ስለሚቀመጥ፣ ስለሚሰፈርና በአንድ ወቅት ስለሚደርስ ነው። ከመሬት ሥር ያለ ሥራ ሥር ሲፈለግ ይቆፈራል፤ ክምር ግን አውድማ ላይ ለሁሉም ይታያል። ግብር ሰብሳቢ መቼ መምጣት እንዳለበት ያውቃል። ግብርናና ግብር ሁለቱም ከ«ገብረ» መምጣታቸውን እዚህ ያላችሁ ታውቃላችሁ። እኔ ሁለቱን ቃላት ባየሁ ቁጥር ያ አውድማ ይመጣብኛል።

ሌላ ጥያቄ፦
በጣም ጥሩ ነው ወንድሜ። ግን ሁለት ነገር ልጨምር። «ከእጅ ወደ አፍ» የምንለው ኑሮ የዚህ ትርፍ ተቃራኒ ነው ማለት ነው? ደግሞስ ዛሬ ምርት እንዲህ በዝቶ ሰው ለምን ይራባል?

ምላሽ፦
የመጀመሪያው፣ አዎ። አባባሉ በደንብ የተሰፋ ነው። በእጅና በአፍ መካከል ምንም የለም፤ ጎተራ የለም፣ ለክፉ ቀን የተቀመጠ የለም። ድህነት ከማለት ይጠብባል። ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ሰው ዛሬ በልቶ ሊያድር ይችላል፤ የሌለው የነገ ነው።

ሁለተኛው ሰፊ ነው። ምርቱ መብዛቱ እውነት ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪትዝ ሃበር በ1909 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ከአየር ናይትሮጅን አሞኒያ መሥራት እንደሚቻል አሳየ። ካርል ቦሽ በ1913 ወደ ፋብሪካ አወጣው። ዛሬ ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ የሚበላው በዚያ መንገድ ከሚሠራ ማዳበሪያ የተነሳ እንደሆነ ይገመታል። አሜሪካዊው የሰብል ተመራማሪ ኖርማን ቦርሎግ አጭር ግንድ ያላቸውን፣ ፍሬ ሲከብድ የማይጋደሙትን የስንዴ ዝርያዎች አስፋፍቶ በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኘ። አንድ እጅ ተዘርቶ አራት የሚገኝበት ዘመን በብዙ ቦታ አልፏል።

ግን እዚህ ላይ ቃላቱን ለዩልኝ። ድርቅ የሰማይ ነው። ረሃብ የሆድ ነው። ችጋር የኑሮ ነው። ጠኔ የአንድ ሰው ጉልበት ሲከዳው ነው። ጋዜጣ ላይ «በድርቁ ሰዎች ሞቱ» የሚል ሳነብ እበሳጫለሁ። በመካከል ያለው ነገር ሁሉ ተዘለለ ማለት ነው። አየርላንድ ውስጥ ከ1845 ጀምሮ ድንቹን በሽታ ጨረሰው፤ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ። በዚያው ጊዜ ከአገሪቱ እህልና ከብት በመርከብ ይወጣ ነበር። በ1943 በእንግሊዝ ትገዛ በነበረችው ሕንድ፣ ቤንጋል ላይ በደረሰው የረሃብ እልቂት ደግሞ፣ የኢኮኖሚ ምሁሩ አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተመው ጥናት የምግቡ መጠን ረሃብ ካልነበረበት ከ1941 የባሰ አልነበረም ብሎ ይሞግታል። የሩዝ ዋጋ ናረ፣ የቀን ሠራተኛው ክፍያ ባለበት ቀረ። እህሉ ነበረ፤ ለእሱ ግን የሚላስ የሚቀመስ አልነበረም።

ስለዚህ «የምግብ ዋስትና» ስንል ጎተራ መሙላቱን ብቻ አንቁጠር። በ1996 ሮም ላይ በዓለም የምግብ ጉባኤ መንግሥታት የተስማሙበት ፍቺ ሰው ሁሉ፣ ሁልጊዜ፣ ምግቡ ዘንድ መድረስና መግዛት መቻሉን ይጨምራል።

ወደ እህታችን ዓረፍተ ነገር ልመለስ። «ተረፈ ምርት» ካልሽ ገለባው፣ አገዳውና ፉርሽካው ነው፤ ትርጉሙ ይበላሻል። «የተረፈ ምርት» ካልሽ ሳይሸጥ የቀረ ይመስላል። «ትርፍ ምርት» ይቆይ። እኔን የሚቆረቁረኝ «ወለደ» የሚለው ነው። እህል ስለተረፈ ብቻ ከተማ አይበቅልም፤ የሚሰበስበው፣ የሚያጓጉዘውና የሚያከፋፍለው ይፈልጋል። «ትርፍ ምርት ከተማን ቀለበ» ብትዪው ደራሲው የሚቃወም አይመስለኝም።