ፊሽካ ሳይነፋ የሚወጣ ደጋፊ፣ ደጋፊ ይባላል?

የሚስማር ተራው፦
ጀማው፣ እንዴት ሰነበታችሁ። የዛሬው ጥያቄ ከትናንት ማታ የመጣ ነው።

ስታዲየም አካባቢ ባለችው በተለመደችው ዲኤስቲቪ ቤታችን ነበርን። ቡድናችን 2 ለ 0 እየተመራ ነው። 78ኛው ደቂቃ ላይ አንዱ ጃኬቱን አነሳ። ጓደኛው ተከተለው። ከዚያ አግዳሚው እንዳለ ተነሳ። አስተናጋጇ "ሂሳብ! ሂሳብ!" እያለች በሩ ላይ ቆመች። ተናድጄ ስክሪኑ ላይ ሳፈጥ እዚያም ያው ነው። እንግሊዞቹም ካፖርታቸውን ደርበው ደረጃውን ተያይዘውታል። ባዶ ወንበር ከሰው መሃል ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል።

ጥያቄዬ አጭር ነች። ጨዋታ ሳያልቅ የሚወጣ ሰው ደጋፊ ይባላል?

የራሴን አቋም ልናገር። አይባልም። ተመልካች ይባል። ሚስማር ተራ በሚባለው የስታዲየሙ መቀመጫ ያደገ ሰው ያውቀዋል። የሸገር ደርቢ፣ ቡናና ጊዮርጊስ የሚጋጠሙ ቀን፣ ከሰዓት ለሚጀመር ጨዋታ እኛ ጠዋት ነበር የምንገባው። ጥላ የለ፣ ውሃ የለ። ቡድኑ ገና ምሳ ሳይበላ የኛ ድምፅ ይዘጋ ነበር። ሰው ያን ሁሉ ሰዓት ጨፍሮ ለመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ትዕግሥት ካጣ ምኑን ደገፈ? ስናሸንፍ ብቻ የሚደምቅ ድባብ ሠርግ ነው እንጂ ድጋፍ አይደለም።

አከራክሩኝ። ስድብ ግን የለም። ባለፈው ስለ ዳኞች ስንከራከር የሆነውን ታውቃላችሁ።

ዳዊት ዘካዛንቺስ፦
ወንድሜ፣ ከመፍረድህ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቤትህ የት ነው? እኔው ልመልስልህ፤ ሜክሲኮ። ፊሽካው ተነፍቶ፣ የአሰልጣኞቹን ቃለ መጠይቅ አይተህ፣ አንድ ቢራ ጨምረህ በእግርህ ትገባለህ።

እኔም ካዛንቺስ ሳለሁ እንዳንተው ነበርኩ። በመስቀል አደባባይ አድርጌ፣ በባምቢስ ሽቅብ፣ በቃ ቤቴ ነኝ። ሰፈሩ ሲፈርስ ከከተማው ዳር፣ ገላን ጉራ ደረሰኝ። አሁን በአንድ ዓይኔ ኳስ፣ በሌላው ሰዓት ነው የማየው። ደግሞ 90 ደቂቃ የሚባል ነገር ቀርቷል። ከኳታሩ የዓለም ዋንጫ ወዲህ ዳኛው 8 ሲጨምር፣ 10 ሲጨምር እያየን ነው። የሻምፒዮንስ ሊግማ በፈረንጆቹ ክረምት በኛ ሰዓት ማታ 5 ላይ ነው የሚጀምረው። ሲያልቅ ሌሊት 7 ሊሆን ምንም አይቀረው። ያኔ ኮንትራት ብይዝ የሳምንት ምሳዬ ሄደ።

ቡድኔን ስለምወድ ነው እስከ 78 የቆየሁት። የማይወደውማ ቤቱ ተኝቷል። አዎ፣ ጃኬቱን መጀመሪያ ያነሳሁት እኔ ነኝ።

የሚስማር ተራው፦
አንተ ነህ እንዴ! ጨለማ ስለነበር ነው ያልለየሁህ።

ቀዩ ኪዳኔ፦
ዳዊት እውነቱን ነው። ግን ታክሲ በተረፈበት አገርም ሰው ይወጣል። ስለዚህ ነገሩን በትራንስፖርት ብቻ አንዝጋው።

እኛ ሊቨርፑሎች ይህን ክርክር ጠጥተነዋል። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2015 ነው። አሰልጣኛችን ክሎፕ ገና መምጣቱ ነበር። በሜዳችን አንፊልድ ላይ ክሪስታል ፓላስ በ82ኛው ደቂቃ አግብቶ 2 ለ 1 መራን። ሰዉ ብድግ ብድግ አለ። ክሎፕ ዞር ሲል ሕዝቡ እየወጣ ነው። ያን ሰዓት ብቻዬን እንደቀረሁ ተሰማኝ ብሎ ተናገረ።

ሰዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ቀጥሎ ያለውን ግን ይረሱታል። ደጋፊውን አልወቀሰም። ከፊሽካው በፊት ማንም እንዳይወጣ ማድረግ የኛ ኃላፊነት ነው፣ እስከ መጨረሻው ምንም ሊፈጠር እንደሚችል ማሳየት ያለብን እኛ ነን አለ። ከወር በኋላ ከዌስት ብሮም ጋር ኦሪጊ በ96ኛው ደቂቃ አግብቶ 2 ለ 2 ወጣን። ክሎፕ ልጆቹን እጅ ለእጅ አያይዞ ኮፕ የሚባለው የደጋፊዎቻችን መቀመጫ ፊት ወስዶ አሰለፋቸው። ለአቻ! በሜዳችን! ያን ጊዜ ያልሳቀብን ሰው አልነበረም። ኤፕሪል ላይ ዶርትሙንድ እዚያው አንፊልድ 3 ለ 1 እየመራን በ91ኛው ደቂቃ 4 ለ 3 አሸነፍነው። ያን ማታ "እኔ ቀድሜ ወጥቼ ነበር" የሚል ካለ እጁን ያውጣ።

ድባብ እንደ ዕቁብ ነው በሉኝ። ተጫዋቹም ይጥላል፣ ደጋፊውም ይጥላል። አንዱ ወገን ብቻ ይጣል ሲባል ዕቁቡ ይፈርሳል።

ጉነር ነኝ፦
ሊቨርፑል ከተነሳ 77ኛው ደቂቃም ይነሳ እንጂ!

ቀዩ ኪዳኔ፦
ይነሳ፣ አላፍርበትም። ፌብሩዋሪ 2016፣ ከሰንደርላንድ ጋር። አንዳንዱን ቲኬት 77 ፓውንድ ሊያደርጉት ነው ተብሎ፣ በ77ኛው ደቂቃ ብዙ ሺህ ሰው ተነስቶ ወጣ። 2 ለ 0 እየመራን ነበር። 2 ለ 2 አለቀ። ግን በሳምንቱ ውስጥ ባለቤቶቹ ይቅርታ ጠይቀው ዋጋውን ሰረዙት። ሁለት ነጥብ ከፍለን ነው ያሸነፍነው። መውጣትም አንዳንዴ ጩኸት ነው።

ማንቼ ለዘላለም፦
እኔ አንድ ነገር ብቻ። በፈረንጆቹ 1999፣ ባርሴሎና ከተማ፣ የኛ የማንቸስተር ዩናይትድና የባየርን የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ። የዩኤፋው፣ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ዮሃንሰን፣ ባየርን እየመራ ስለነበር ዋንጫውን ሊሰጠው ከላይ በሊፍት ወረደ። ሜዳው ላይ ሲደርስ የሚያለቅሱት ባየርኖች፣ የሚጨፍሩት እኛ ነን። በባከነው ሰዓት ያገባናቸው ሁለቱም ጎሎች አመለጡት። ፕሬዚዳንቱም ቀድሞ ወጥቶ ያውቃል፣ ዳዊት አይዞህ።

ቤቲ ቡናማዋ፦
እስቲ እኔም ልግባ። ሁላችሁም ስለ ጎል ነው የምታወሩት። ስለ በሩ የሚያወራ ጠፋ።

ስታዲየም ያስለመደኝ ታላቅ ወንድሜ ነው፣ ቡኒ ማሊያ አልብሶ። የቡናን ጭፈራ ከፊደል በፊት ነው የያዝኩት። ግን 85ኛው ደቂቃ ላይ ወንድሜ ሁልጊዜ ክንዴን ያዝ ያደርጋል። "ተነሺ።" ብንመራቸውም፣ ቢመሩንም ያው ነው። ፊሽካው ሲነፋ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ወደ በሩ ነው። ግፊያ አለ። ኪስ አውላቂ አለ። እጁን የማይሰበስብ አለ። ደርቢ ከሆነማ ውጭ ምን እንደሚጠብቅህ አታውቅም። ካላመንከኝ አንድ ቀን እህትህን ይዘህ ሞክረው።

ስንት የመጨረሻ ደቂቃ ጎል አምልጦኛል መሰለህ። ግን ከጠዋት ጀምሮ ከአንተ እኩል ጮኼያለሁ። አሁን እኔ "ተመልካች" ነኝ?

የሚስማር ተራው፦
ቤቲ፣ እውነቴን ነው ይሄን አላሰብኩትም። አንቺን ከክሱ አውጥቼሻለሁ።

ቤቲ ቡናማዋ፦
ስለ ምሕረትዎ እግዜር ይስጥልኝ፣ ክቡር ዳኛ።

ኢንጂነሩ፦
ክሱ ራሱ ትክክል ነው ወይ? ሰው ሁሉ "ድባብ" ይላል፣ እስቲ እንለካው። በኮሮና ጊዜ ዓለም ሳያስበው ትልቅ ሙከራ ሠራ። የ2020/21 ፕሪሚየር ሊግ አብዛኛው ጨዋታ በባዶ ስታዲየም ነው የተካሄደው። ባለሜዳው 144 ጊዜ አሸነፈ፣ እንግዳው 153 ጊዜ። በእንግሊዝ ትልቁ ሊግ እንግዳ ከባለሜዳ በልጦ ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ጩኸት ውጤት ይቀይራል፣ እዚህ ላይ አልከራከርም።

ግን ቀድሞ የሚወጣው ማነው? አባቴ ጥላ ፎቅ ነበር የሚቀመጠው። እኔም አጠገቡ። 80ኛው ደቂቃ ገደማ ከየኪሱ የመኪና ቁልፍ ሲንሿሿ ትሰማለህ። እኛ ልጆች "የቁልፍ ሰዓት" እንለው ነበር። መንገዱ ሳይዘጋጋ መኪናውን ለማውጣት ነው። በዚያው ሰዓት ካታንጋ፣ የጯሂዎቹ ደጋፊዎች መቀመጫ፣ ገና እየዘለለ ነው። እንግዲህ አስቡት። የወጣው መጀመሪያውኑ እግሩን አነባብሮ ዝም ብሎ የተቀመጠው ሰው ነው። እሱ ቢወጣ ከድባቡ ምን ጎደለ? የሚጮኸው እኮ እዚያው ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ የሚወጣው ሳይሆን 90 ደቂቃ ሙሉ ቁጭ ብሎ ሞባይሉ ላይ ያቀረቀረው ነው። እሱን ፊሽካው ራሱ አያስነሳውም።

ዳዊት ዘካዛንቺስ፦
ኢንጂነሩ፣ አፍህ ቁርጥ ይበልልኝ።

የሚስማር ተራው፦
ቆይ ቆይ። ኢንጂነሩ፣ ድምፁን ቆጠርከው፣ ዓይኑን ግን አልቆጠርከውም። ተጫዋች ቀና ሲል ባዶ ወንበር ካየ "እነዚህም ተስፋ ቆርጠዋል" ነው የሚለው። እኔ ሰፈር ውስጥ ተጫውቻለሁ። እናቴ ከአጥሩ ጥግ ዞር ካለች እግሬ ይከብደኝ ነበር። አትሳቁ።

ደግሞ የራሳችንን ለምን እንረሳለን? ጥቅምት 4 ቀን 2005፣ ለአፍሪካ ዋንጫ ለማለፍ የመልሱ ጨዋታ። ሱዳን ካርቱም ላይ 5 ለ 3 አሸንፋናለች። ሌሊት ተሰልፈን ነው ስታዲየም የገባነው። እስከ እረፍት ጎል የለም። የዛን ቀን ሰው "አይሆንም" ብሎ ቢወጣ ማን ይፈርድበታል? 31 ዓመት ሙሉ ሳይሆን ቀርቶ የለ! ማንም ንቅንቅ አላለም። ከእረፍት በኋላ አዳነ ግርማ አገባ፣ ሳላዲን ሰኢድ ደገመው። 2 ለ 0። ከዚያ በኋላ ያሉት ደቂቃዎች ይባስ የሚያስጨንቁ ነበሩ፣ ምክንያቱም ሱዳን አንድ ብታገባ አለቀልን። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ፊቱን በጋቢ ሸፍኖ "ንገረኝ፣ ንገረኝ" ይለኝ ነበር። ቀና ብሎ አላየም፤ ግን አልወጣም። እኔ ደጋፊ የምለው እሱን ነው።

ዳዊት ዘካዛንቺስ፦
የናይጄሪያውንስ? ጥቅምት 2006፣ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ፣ እዚያው ስታዲየም። በኃይሉ አሰፋ አግብቶ መርተን፣ ኤመኒኬ አቻ አድርጎ፣ እሱ ራሱ በ90ኛው ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት ገደለን። እስከ መጨረሻው ቆይቼ ያተረፍኩት እሱን ማየት ነው። 85 ላይ የወጣው ጓደኛዬ እስከ ቤቱ ድረስ ደስ ብሎት ነው የሄደው።

ቀዩ ኪዳኔ፦
ይሄ እንኳን መልስ የለውም።

ጉነር ነኝ፦
ምን ዋጋ አለው፣ አሁን ከየት ነው ቀድመን የምንወጣው? የኛው ፕሪሚየር ሊግ በኛ አቆጣጠር ከ2013 ጀምሮ በየከተማው መዞር ጀመረ። ካፍ፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ሜዳዎቻችንን ካገደ በኋላ ብሔራዊ ቡድኑ "የሜዳውን" ጨዋታ ሰው አገር ሄዶ ተጫወተ። በቴሌቪዥን ስታየው ተጫዋቾቹ ሲጠራሩ ይሰማል። እኔ የቁልፍ ሰዓቱም ናፍቆኛል። እነዚያ የጥላ ፎቅ ሽማግሌዎች መጥተው በ80ኛው ደቂቃ ይውጡልኝ፣ ምንም አልላቸውም።

ጋሽ ተፌ፦
ልጆች፣ ደህና አመሻችሁ። ስታወሩ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ለማንም ተናግሬ የማላውቀውን ነገር ልንገራችሁ።

ጥር 13 ቀን 1954፣ እሁድ። ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን ነው። የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ እኛና ግብፅ። እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ አልሄድኩም። አባቴ ግን ሄዷል። ዕድሜ ልኩን ያን ጨዋታ ሲተርክልን ኖረ። ግብፅ መጀመሪያ አገባች። በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፣ በደቂቃው ግብፅ መልሳ 2 ለ 1 መራች። በ84ኛው ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረገው። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ፣ ከዚያ መንግሥቱ ወርቁ። 4 ለ 2። ጃንሆይ ዋንጫውን ለሉቺያኖ ሲሰጡ አባቴ እጃቸውን እንዴት እንደዘረጉ ሳይቀር ያሳየን ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይተረካል። እናቴ ቡና እያፈላች ከንፈሯን ትነክስ ነበር፣ ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ሊሞት ወር ሲቀረው ነው የነገረኝ። ግብፅ ሁለተኛውን ስታገባ ተናዶ ወጥቷል። አላስቻለኝም አለኝ። ለገሃር ደርሶ፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት፣ ከኋላው መሬት የሚያንቀጠቅጥ ጩኸት ሰማ። እየሮጠ ተመለሰ። በሩ ተዘግቷል፣ ዘበኛው አላስገባም አለው። ከግንቡ ሥር ቆሞ ቀረ። ዋንጫው ሲሰጥ ያየው በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ነው።

የሚስማር ተራው፦
ጋሼ፣ እንዴት ያለ ነገር ነው የነገሩን! ታዲያ እርስዎ ተቀየሙባቸው?

ጋሽ ተፌ፦
ምን ብዬ ልቀየም ልጄ። "ታዲያ ያን ሁሉ እንዴት አወቅከው?" ብዬ ጠየቅኩት። ከግንቡ ሥር ሆኖ ጩኸቱን ብቻ ሲሰማ፣ የትኛው ጎል እንደሆነ፣ የትኛው ለጥቂት እንደሳተ፣ መቼ ግብፆች እንደተጠጉ ለይቶ ያውቅ ነበር። ሕዝቡ ይነግረው ነበር። ሦስቱንም ጎል በጆሮው ነው ያየው።

ዳዊት ዘካዛንቺስ፦
ለገሃር ድረስ ይሰማ ነበር ማለት ነው?

ጋሽ ተፌ፦
ያኔ ከተማው ዝምተኛ ነበር። ይሰማ ነበር።